የጠላ ደውራ

«ለአቻምየለሽ እንስጣት። እሷ ፈሪ ናት፤ ፈሪ ደግሞ አይያዝም።»

ይህን ያለችው ሰላም ናት፤ ዓደን ከተማ ክሬተር ገበያ ውስጥ የሴቶች ልብስ የምትሸጠው፣ የአቦ ማኅበር ነገር ሲነሳ ከሁሉ ቀድማ የምትናገረው ሰላም። ያለችው ግን ለአቻምየለሽ አልነበረም። የድምፅ መልእክቱ የተላከው ለሰብሐት ነው። ሰብሐት የአቻምየለሽ ባል ታላቅ እኅት ናት፤ እንደ ዓርብ ልማዷ ሩቲ ዳቦ በፌስታል አንጠልጥላ መንሱራ አቻምየለሽ ቤት ድረስ መጥታ፣ ወጥ ቤት ቁጭ ብላ ሻይ እየጠጣች ስልኳን ከፈተች። መብራት ስለሌለ ማራገቢያው ቆሟል፤ ማራገቢያው ሲቆም ደግሞ እዚያ ቤት ውስጥ የማይሰማ ነገር የለም። አቻምየለሽ መታጠቢያ ቤት የባሏን ሸሚዝ እየጨመቀች ነበር። እጇ ሸሚዙ ላይ እንዳለ ቀረ። ከሰላም ድምፅ ቀጥሎ ሳቅ መጣ፤ የአንድ ሰው ሳቅ አልነበረም፣ ከጀርባዋ ሌሎች ሴቶችም ነበሩ።

ስትወጣ ሰብሐት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፍታ ስለ ሩቲው ማውራት ጀመረች። ሩቲው በየወሩ እያነሰ መሄዱን፣ ድሮ አንዱ ለቁርስ ይበቃ የነበረው ዛሬ የሕፃን ጡጫ ማከሉን፣ ዋጋው ግን ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አለማየቱን ተናገረች። አቻምየለሽም «እውነትሽን ነው እትዬ» አለች። ሸሚዙን በረንዳው ላይ አሰጣች፤ ተመልሳ ሻይ ቀዳች። መሰማቱን ሁለቱም ያውቃሉ፤ አንዷ ማወቋንም ሌላዋ ታውቃለች። በቤተዘመድነታቸው ብዙ ነገር እንዲህ በዳቦ ዋጋ ተሸፍኖ አልፏል፤ ይኼም ያልፍ ነበር፣ ነገሩ ለአቻምየለሽ ገብቷት ቢሆን ኖሮ። ተሰደበች ወይስ ተመሰገነች? ፈሪ መሆኗን አትክድም። የጋዙን ሲሊንደር ሁለት ጊዜ ሳታይ ተኝታ አታውቅም። ልጇ ኤሌኒ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገየች ዓባያዋን ደርባ ደረጃው ላይ ትቆማለች። ስልክ በማለዳ ከጠራ፣ ሳታነሳው በፊት ማን እንደሞተ በልቧ ትቆጥራለች። የፈሪ እናት አታለቅስም ይላሉ ያገሯ ሰዎች፤ ፈሪዋ ራሷ እናቲቱ ስትሆን ምን እንደሚሆን ግን የተናገረ የለም። ይህን ሁሉ ትቀበላለች። ግን የማይያዘው፣ ምን ሲሠራ ነው የማይያዘው?

ሰብሐት ነገሩን ቀስ እያለች፣ ከሻይዋ ጋር እያቀላቀለች ነገረቻት። የማኅበሩን ጠላ የሚጠምቁት እማማ ጥላነሽ ዓይናቸው እየፈዘዘ ነው። በየወሩ አቦ በሚውልበት ቀን ከቤት ቤት የሚዞረው ጽዋ፣ አቻምየለሽ ወደ ዓደን ከመጣች ጀምሮ፣ በእሳቸው ጠላ ነው ሲሞላ የኖረው። ባለፈው ወር ጠላ ጠፍቶ ጽዋው የዘቢብ ሸርበት ተሞልቶ ዞረ። ሽማግሌዎቹ ቀመሱ፣ ተያዩ፣ ጸለዩ። የአቻምየለሽ ባል ተመስገን ግን ጽዋውን ተቀብሎ ትንሽ አየውና፣ ከንፈሩን ሳያስነካ አጠገቡ ለተቀመጠው አሳለፈው። ያንን ያላየ አልነበረም። ሰው ሁሉ አፈረ፤ በማን እንዳፈረ ግን አልታወቀም። እማማ ጥላነሽም ይህን ሰምተው ነው መሰለኝ፣ ዓይናቸው ጨርሶ ሳይጠፋ አንዲት ሴት እንዲልኩላቸው፣ በየዓርቡ እንደሚያስተምሯት ላኩባቸው። ሰብሐት ነገሩን «ደውራ» አለችው፣ ልክ ሴቶቹ መንሱራ ላይ ገንዘብ ከፍለው እንደሚማሩት የኮምፒውተርና የልብስ ስፌት ደውራ። ደውራው ዛሬ ይጀመራል። ሰላም ሱቅ አላት። ሰብሐት ራሷ ስኳር አለባት፣ የልጇ ባልም ሙስሊም ነው። «አንቺን አስበንሽ ነበር» አለች ዓይኗን ከብርጭቆዋ ሳታነሳ፤ አስበንሽ ስትል ለበዓል ቀሚስ የገዙላት ይመስል ነበር።

አቻምየለሽ ጠላ ስትጠጣ እንጂ ስትጠምቅ ራሷን አይታ አታውቅም፤ ያደገችው ደሴ ከተማ ነው፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እስክትጨርስ እናቷ ወጥ ቤት ገብታ እጇን እንድታቆሽሽ አልፈቀደችላትም ነበር። ግን ያስጨነቃት አለማወቋ አይደለም። የሚኖሩት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበላያቸውም ከበታቻቸውም ሙስሊሞች ናቸው፤ ደጎች ናቸው፣ ግን በሕንፃቸው መጠጥ ሲጠመቅ ዝም የሚል ሰው ደግነቱ እስከ የት እንደሚደርስ ማን ለክቶት ያውቃል? ተመስገን ወደብ ላይ ታሊ ክላርክ ነው፤ ከመርከብ የሚወርድ ዕቃ ቆጣሪ። አንድ ሰው አንድ ቃል ቢናገር ሥራው ይሄዳል፤ ሥራው ከሄደ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ይሄዳል፤ ኢቃማው ከሄደ ኤሌኒ የሳነዊያ፣ የሁለተኛ ደረጃ፣ ፈተናዋን ሳትጨርስ ከነመጻሕፍቷ መርከብ ላይ ናት። እዚህ ድረስ በሐሳቧ ስትደርስ ኤሌኒ ገና ከእንቅልፏ አልነቃችም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ጽዋ አለ። ጽዋ መጠጥ ነው እንዴ? ቃል ኪዳን ነው ብለው ነው ያሳደጓት። እምቢ ብትል በሰው ፊት የባሏን ዘመድ፣ በእግዜር ፊት አቦን እምቢ ማለቷ ይሆን? እሺ ብትልስ የልጇን ዕድሜ በድራም መዘፍዘፏ አይደለም ወይ?

መኝታ ቤት ገብታ ተመስገንን ቀሰቀሰችው። ከሌሊት ሥራ ገብቶ ነበር የተኛው። ነገረችው። ዓይኑን ሳይገልጥ ሰማት፣ «አንቺ እንደመሰለሽ» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ጽዋውን ሳይቀምስ ያሳለፈ ሰው ነው ይህን የሚላት። የዘቢቡን ሸርበት የናቀው ጠላ ፈልጎ ነው? ወይስ ጽዋ በሸርበት ከሚቀልል ይቅር ማለቱ ነበር? ጀርባውን እያየች ትንሽ ቆመች፤ የሰው ጀርባ ግን መልስ አይሰጥም። ከዚያ የሚሻለውን አገኘሁ አለች። ለሰብሐት እምቢ ማለት ለባሏ ቤት እምቢ ማለት ነው። እማማ ጥላነሽ ዘንድ ራሷ ሄዳ፣ አልችልም እማማ፣ ልጅ አለኝ፣ ብትላቸው ግን የሚቀየም የለም። እምቢታ ለትልቅ ሰው በአካል ነው የሚነገረው።

የሄደችው በፋሩቅ ደባብ ነው። ፋሩቅ ከእነሱ በታች ያለው ቤት ጎረቤታቸው ነው፤ ከሚስቱ ከሻይማ፣ ከልጆቹና ከረመዳን ወዲህ ከአልጋ ካልወረዱት እናቱ ከሐጃ ፈጡም ጋር ይኖራል። በዚያች ትንሽ ሚኒባስ ከመንሱራ እስከ ቢር ፈድል እርሻዎች ይመላለሳል፤ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በፊት ሄዶ ይመለሳል። ሂሳብ አልቀበልም አለ፤ እሷም እንደ ሁልጊዜው አምስት መቶ ሪያል ዳሽቦርዱ ላይ ጣለችለት። ምን ልትሠራ ወደ ቢር ፈድል እንደምትሄድ ሲጠይቃት፣ የታመሙ የአገሯ ሴት ልትጠይቅ መሆኑን ነገረችው። «አላህ ያሽራቸው» አለ፤ እሷም በልቧ በእማማ ጥላነሽ ላይ በሽታ የጠራችባቸው ይመስል ደነገጠች። መንገዱ ላይ ከሰሜን በኩል የሚመጣ ነፋስ አሸዋ እየነዳ ነበር። ያገሯ ልጆች የውኃ ላስቲክ በእጃቸው ይዘው፣ ከንፈራቸው ነጭ ሆኖ፣ ወደ ሳዑዲ በሚወስደው አቅጣጫ በተርታ ይሄዳሉ። ከመስኮቱ ፊቷን መለሰች፤ እናቶቻቸው ያሉበትን ማሰብ ከጀመረች ማቆሚያ እንደሌላት ታውቃለች።

እማማ ጥላነሽ የሚኖሩት ከአንድ የሽንኩርት ማሳ ጀርባ፣ በብሎኬት በተሠራች ቆርቆሮ ክዳን ክፍል ውስጥ ነው። በወጣትነታቸው ተዋሂ በሚባለው የወደብ ሰፈር መርከበኞች ያርፉበት ከነበረ ሆቴል ምግብ አብሳይ ነበሩ፤ እስከ ዛሬ ወጥ ቤቱን ኪችን ነው የሚሉት። ክፍሏ ውስጥ አንድ አልጋ፣ የአቦ ሥዕል፣ አፉ በጨርቅ የታሰረ ሰማያዊ ድራም አለ። ወለሉ እርጥብ ነው፤ ታጥቦ ነው እንጂ ፈስሶበት አይደለም። አቻምየለሽ ደጅ ላይ ቆማ ያዘጋጀችውን ንግግር በአፏ ስታገላብጥ፣ አሮጊቷ በድምፅ ሳይሆን በእግር ኮቴ አወቋት መሰል፣ «ጫማሽን አውልቂ፣ እግርሽን ታጠቢ» አሏት። ታጠበች። «እጅሽንም።» እጇንም ታጠበች። «እስከ ክርንሽ ነው እንጂ፤ እጅ ማለት ጣት ብቻ ነው እንዴ?» እስከ ክርኗ ታጠበች። ሰው እንዲህ ታጥቦ ከገባ በኋላ እምቢ ለማለት ነው የመጣሁት ማለት እንዴት ይሆናል?

ትንሽ የደረቀ ቅጠል አፏ ውስጥ አደረጉላትና አኝኪው አሏት። ጌሾ ነው፤ ጠላን ጠላ የሚያደርገው መራራ ቅጠል፣ በጅቡቲ በኩል በጀልባ ሲገኝ የሚመጣ። ምሬቱ ከምላሷ ወደ ጉሮሮዋ፣ ከጉሮሮዋ ወደ ጆሮዋ የሄደ መሰላት። ሌላውን ነገሯት፤ ብቅሉ ከገብስ መሆን እንዳለበት፣ የዓደን ሙቀት ለጥንስስ ጠላትም ወዳጅም መሆኑን፣ ድራሙ በግራር ጭስ ካልታጠነ ላስቲክ ላስቲክ እንደሚል። አቻምየለሽ ስትሰማ ግማሹ ይገባታል፣ ግማሹ ላይ ፖሊስ ይመጣባታል። በመጨረሻ ድፍረት አግኝታ፣ እማማ እኔ እኮ ፈሪ ነኝ፣ አለች። እንደ እምቢታ ነበር የተናገረችው። እሳቸው ግን ደስ አላቸው።

«ሰላም ነግራኛለች። እኔም እሷን ላኪልኝ ያልኳት ለዚሁ ነው። ጠላ በድፍረት ነው የሚበላሸው፣ ልጄ። ደፋር ሴት ድራሙን አንዴ አለቅልቃ ጸድቷል ትላለች፤ ፈሪ ግን ሁለቴ አጥባ ሦስተኛ ታሸተዋለች። ነገ የሰው ሆድ ቢያመምስ ብላ እንቅልፍ ታጣለች። ምን ትፈሪያለሽ? ሁሉን ነገር? እሰይ።»

አቻምየለሽ ዕድሜዋን ሙሉ ስትሰደብበት የኖረችውን ነገር አንድ ሰው እንደ መርፌ ከአቧራ ውስጥ አንስቶ፣ ይኼማ ይጠቅመኛል ያለ መሰላት፤ ደስ ይበላት ወይስ ትፈር አላወቀችም። አሮጊቷ የተወቀጠ ጌሾ በነጭ ላስቲክ ቋጠሩና እጇ ላይ አኖሩት። ቤቷ ወስዳ በውኃ እንድትጠነስሰው፣ የሚቀጥለው ዓርብ ስትመጣ ሽታው ምን ምን እንዳለ እንድትነግራቸው አዘዟት። የሚቀጥለውን ከየት እንደሚያገኙ አያውቁምና እንዳታባክነው አደራ አሏት። አቻምየለሽ ላስቲኩን ተቀበለች። የተቀበለችው እሺ ብላ አይደለም፤ የፋሩቅ ጡሩንባ ከመንገድ ስለተሰማና ለመሄድ ሌላ መንገድ ስላጣች ነው። ቢያንስ ለራሷ እንዲህ ነበር ያለችው።

ከሼክ ዑስማን መግቢያ ኑቅጣ አለ፤ ወታደሮች መኪና አስቁመው የሚፈትሹበት። ወትሮ ሴት ያለበትን መኪና በእጅ ምልክት ያሳልፋሉ። ያን ቀን ግን አንዱ ወጣት ወታደር በሩን ከፈተና፣ ጭኗ ላይ ያቀፈችውን ላስቲክ አየ። ያቀፈችው ባይሆን ላያየው ይችል ነበር፤ እቅፏ ነው የከሰሳት። «ያ ኻላ፣ ምንድነው ይኼ?» አላት። እሷ ምሬቱ እስካሁን ምላሷ ላይ እያለ፣ ወደ ላስቲኩ አየች። አረንጓዴ፣ ደቃቅ፣ የቅጠል ዱቄት። ከእሷ በፊት ወታደሩ ራሱ መልሱን አገኘላት። «ሲድር ነው?»

ሲድር በዓደን የማይገባበት ቤት የለም። ሴቶቹ ፀጉራቸውን ይታጠቡበታል፤ እሷም ኤሌኒ ትንሽ ሳለች ታጥብበት ነበር። ተወቅጦ ሲታይ ከጌሾ የሚለየው እናቱ ብቻ ነች። «ሲድር ነው» አለች። ወታደሩ በሩን ዘጋላት። ፋሩቅ በመስተዋቱ አያትና፣ ሲድር ዘንድሮ ወርቅ ሆኗል፣ የቢር ፈድል ደግሞ ጥሩ ነው ይባላል፣ አለ። እሷ ራሷን ነቀነቀች። ስለ ውሸቱ የምትጨነቅበት ጊዜ እንኳ አላገኘችም፤ ትንሽ ሄድ እንዳሉ የፋሩቅ ስልክ ጠራ። ሰማ፣ ምንም ሳይናገር መኪናዋን ወደ አሸዋው አወጣና አቆማት፣ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ሐጃ ፈጡም ዐርፈው ነበር። ተሳፋሪዎቹ «ኢና ሊላሂ» አሉ፤ አንዱ ወርዶ ትከሻውን ያዘውና ቦታ ቀይሮ መንዳት ጀመረ። አቻምየለሽ ከኋላ ወንበር ላይ አለቀሰች። ለሐጃ ነው ያለቀሰችው፤ ግን ላስቲኩን በእጇ ይዛ ማልቀሷ እንባውን የሰረቀችው አስመሰላት።

ሕንፃው ደጃፍ ላይ ወንዶች ተሰብስበዋል፤ የሁለተኛው ፎቅ ደረጃ በሴት ጫማ ተሞልቷል። ተመስገን ወርዶ ከወንዶቹ ጋር ቆሟል፣ ኤሌኒም ከልጆቹ ጋር እንድትሆን ታች ተጠርታለች። ሰብሐት ሄዳለች። አቻምየለሽ ቤቷ ገብታ ላስቲኩን የምታስቀምጥበት ቦታ ፈለገች። ዱቄት ጣሳው ውስጥ ከተተችው፣ ኤሌኒ ትከፍተዋለች ብላ አወጣችው። ከእቃ ማጠቢያው ሥር አደረገችው፣ ውኃ ይነካዋል ብላ አወጣችው። እንዲሁ በእጇ እንደያዘች በሩ ተንኳኳ። አቻምየለሽን በልጇ ስም ኡም ኤሌኒ ብላ የምትጠራት ሻይማ ነበረች። ጥቁር ለብሳ፣ እጅጌዋን ሰብስባ፣ ክንዷ እርጥብ ሆኖ።

«ኡም ኤሌኒ፣ ፋሩቅ ሲድር ይዘሻል አለኝ። የምታጥባቸው ሴትዮ ደርሳለች። የእኛ አልቋል፣ ሱቁ ደግሞ እስከ ከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት ዝግ ነው። ቶሎ ልንቀብራቸው ነው።»

አቻምየለሽ በዚያ ከተማ ብዙ ዓመት ስለኖረች፣ ሙስሊም ሲሞት በሲድር ውኃ እንደሚታጠብ ታውቃለች። ታውቅ ነበር፤ ኑቅጣው ላይ ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ግን ፀጉር እንጂ ሬሳ አልታያትም። አሁን እጇን ዘርግታ ብትሰጣት ነገሩ እዚያው ያልቃል። ቅጠል ነው። ገና ውኃ አልነካውም፣ ከብቅል አልተቀላቀለም፣ ማንንም አላሰከረም። ሻይማ ትወስደዋለች፣ ሴትዮዋ በባልዲ ትበጠብጠዋለች፣ አረፋ ባያወጣ የዘንድሮ ሲድር እንዲህ ነው ይባላል፣ ሐጃም ይቀበራሉ። የማያውቁት ነገር ማንን ይጎዳል? ግን ሐጃ ፈጡም ማለት፣ ኤሌኒ በወባ የተንቀጠቀጠች ጊዜ ጉልበታቸው እያመማቸው ደረጃውን ወጥተው ሌሊቱን አብረዋት የተቀመጡ ሴት ናቸው። በየዒዱ ሳሕን ይልካሉ፤ ሥጋው ለክርስቲያን እንደማይሆን ስለሚያውቁ ጣፋጩን ብቻ ለይተው ነበር የሚልኩት። ለእሷ ጾምና ሥርዓት እንዲህ የተጠነቀቁትን ሴት እሷ በመጨረሻው መታጠቢያቸው፣ ጠላ በሚጠነሰስበት ቅጠል? ለወታደር ይዋሻል፣ ለጎረቤትም ይዋሻል። የሞተ ሰው ግን ዞር ብሎ ራሱን አይጠብቅም።

«ሲድር አይደለም» አለች።

ሻይማ የተዘረጋ እጇን አልሰበሰበችም። «ይኸው በእጅሽ ያለው?»

«አይደለም። ጌሾ ይባላል፣ ያገራችን ቅጠል ነው።» ከዚያ ወዲያ ማቆም ትችል ነበር። አላቆመችም። «ለጸሎታችን የምንጠጣው ነገር አለ፤ እሱ የሚሠራበት ነው።»

ሻይማ ላስቲኩን ፈታች፣ ቆንጥራ በጣቷ አሸችው፣ አሸተተችው። ፊቷ ላይ ምን እንዳለፈ አቻምየለሽ ማንበብ አልቻለችም። «ኸምር? የሚያሰክር?» አለች ሻይማ በሹክሹክታ። «ገና ቅጠል ነው» አለች አቻምየለሽ። ሻይማ ወደ ደረጃው ዞራ ወደ ላይም ወደ ታችም አየች። ላስቲኩን መልሳ ቋጠረች፣ እጇ ላይ አስቀመጠችላት፣ «በሩን ዝጊው» ብላ ወረደች።

በሩን ዝጊው። አቻምየለሽ በሩን ዘግታ ከበሩ ጀርባ ቆመች። ደብቂው ማለቷ ነው ወይስ ከእንግዲህ በሬን አትርገጪ? ድምፁን መልሳ መልሳ ሰማችው፤ በሰማችው ቁጥር ተለወጠባት። ፈሪ አይያዝም ብለው የሳቁት ሴቶች አሁን ቢያዩአት ምን ይሉ ይሆን? ማንም ሳይዛት ራሷን በራሷ ይዛ የሰጠች ፈሪ አይተው ያውቃሉ? ከቁም ሳጥኑ ሥር የሰነዱን ቦርሳ አወጣች፤ ኢቃማዎቹን፣ የኤሌኒን የትምህርት ማስረጃ፣ የተመስገንን የሥራ ወረቀት። አልጋው ላይ ደርድራ ፋሩቅ ከወንዶቹ ጋር ደረጃውን ይወጣል ብላ ጠበቀች። ኮቴ መጣ። ተመስገን ነበር፤ ለቀብሩ ሸሚዝ ሊቀይር ነው የመጣው። ሰነዱንም ላስቲኩንም አየ። ሁሉንም ነገረችው። ሸሚዙን ቆለፈ፣ ጫማውን አሰረ፤ ኋላ፣ «ባለመስጠትሽ ደግ አደረግሽ» አላት። በሩ ጋ ደርሶ ደግሞ ቆመና፣ «ምን ነው ብትልሽ ግን ቅጠል ነው ብለሽ ብትተይውስ» አለ። የትኛውን ሐሳቡን እንደሚያምን ሳይነግራት ወጣ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት መካከል ከበረንዳው አየችው።

ከዐስር ሶላት በኋላ ለቅሶ ቤት መውረድ ነበረባት። መውረድ ያስፈራታል፤ አለመውረድ ግን ራሱ ጥፋትን ማመን ነው። ሁለቱን ፍርሃቶች መዘነችና ወረደች። የሐጃ ክፍል ፍራሽ በፍራሽ ሆኗል፤ አልጋቸው ተነስቷል፣ አልጋው የነበረበት ግድግዳ ላይ ትራሳቸው ያሳረፈው ጥላ የመሰለ ጠቆር ያለ ምልክት አለ። ከአንድ ስልክ ቁርኣን ይሰማል። ሴቶቹ ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መብራቱ፣ ሐጃ ሳይሠቃዩ ስለ መሄዳቸው ይነጋገራሉ። አቻምየለሽ በሩ አጠገብ ጥግ ይዛ ተቀመጠች፤ ሰው ቢያባርራት ብዙ እንዳትራመድ። ማንም አላያትም፤ ወይም እንዳላዩ ሆኑ፤ ለእሷ ሁለቱ አንድ ነበሩ። አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ለሌላዋ ስታወራ፣ አጣቢዋ በካፉር ሽቶና በውኃ እንደጀመረች፣ በኋላ ከወዲያኛው ሕንፃ አንድ እፍኝ ሲድር እንደተገኘ፣ ሐጃም አምሮባቸው እንደሄዱ ሰማች። አቻምየለሽ ሳታስበው ትልቅ ትንፋሽ ለቀቀች። ሴትዮዋ ያዘነች መስሏት ጉልበቷን መታ መታ አደረገቻት።

ሻይማ የታሸገ ውኃ በሳህን ይዛ ከሴት ወደ ሴት ትዞራለች። ዓይኗ አብጧል። ጥጉ ጋ ስትደርስ ሳህኑን ወለሉ ላይ አስቀምጣ ቁጢጥ አለች። አሁን ነው፣ አለች አቻምየለሽ በልቧ። በሰው ፊት ነው የምትነግረኝ። ኤሌኒ ከወዲያ ማዶ የሻይማን ትንሹን ልጅ አቅፋ ተቀምጣለች፤ ልጇን አየቻትና አንገቷን ደፋች።

«ሲድር ነው ብለሽ ብትሰጪኝ ኖሮ አላውቅም ነበር» አለች ሻይማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ለፋሩቅ አልነገርኩትም። የሐጃ ዕዳ በእኔ ላይ እንዳይሆን ነው ያዳንሽኝ፣ እኔ እንዲህ ነው የያዝኩት።» አንድ ሴት ወደ እነሱ ስታይ ሻይማ አንድ ላስቲክ ውኃ አንስታ ከፈተችላት፣ ጠጪ አለቻት። አቻምየለሽ ጠጣች፤ ምሬቱ ከጠዋት ጀምሮ አልለቀቃትም ነበር፣ በውኃው ጠፋ። ሻይማ ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

«ግን ኡም ኤሌኒ፣ ልጆች አሉኝ። ፋሩቅም ቢሆን አፍንጫው የውሻ ነው። እዚያ ላይ ስትሠሪው ሽታው ወደ እኛ ይወርዳል?»

አቻምየለሽ አሰበች። የእማማ ጥላነሽ ክፍል ምን ምን ይል እንደነበር ልታስታውስ ሞከረች፤ የታጠበ ወለል፣ የግራር ጭስ፣ ሽንኩርት። ከድራሙ የመጣው የትኛው እንደሆነ ሳትጠይቃቸው ነው የመጣችው።

«አላውቅም» አለች። «የሚቀጥለው ዓርብ እጠይቃለሁ። ገና ተማሪ ነኝ።»

ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ነው እሷ ራሷ የሰማችው። ሻይማ ራሷን ነቀነቀች፣ ሳህኗን አነሳች፣ ወደሚቀጥለዋ ሴት አለፈች።